የሚደማ ድድ፦ ከመስታወቱ ፊት እስከ ሐኪሙ ወንበር የሚወስድ መመሪያ

ብሩሹ ላይ ደም ሲታይ ብዙ ሰው ያንን ቦታ መንካት ይተዋል። "ድዴ ስስ ነው፣ አይችልም" ይላል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ድዱ የሚደማው እዚያ ቦታ ላይ ቆሻሻ ስለከረመ ነው። ሲሸሹት ቆሻሻው ይጨምራል፣ ድዱ ይበልጥ ያብጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ በትንሽ ንክኪ ይደማል።

ሌላው ደግሞ በደንብ ይጀምርና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን "ይኸው አልቆመም" ብሎ ይተወዋል። ጥርሱን ፏ አድርጎ እየቦረሸ ድዱን የማይነካም አለ። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ ለሁለት ሳምንት ሥሩበት።

መጀመሪያ፦ ምን እንደምታጸዱ እወቁ

በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ሽፋን ፕላክ ይባላል። ተያይዘው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ክምችት ነው። በውሃ መጉመጥመጥ አያስለቅቀውም፤ የሚያነሳው መፈግፈግ ነው። በየቀኑ ካልተነሳ በምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ያጠነክረውና ታርታር ይሆናል። ታርታር ከሆነ በኋላ ብሩሽ ምንም አያደርገውም፤ የሐኪም መሣሪያ ይፈልጋል።

ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ወደ ድዱ ብዙ ደምና ነጭ የደም ሴል ይልካል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ብግነት ወይም ኢንፍላሜሽን የሚባለው ይኸው ነው። ነገሩ ድዱ ላይ ብቻ እያለ ጂንጂቫይተስ ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ወደ ታች ወርዶ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ሲጀምር ፔሪዮዶንታይተስ ይሆናል። የተበላ አጥንት በራሱ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ጊዜው ዋጋ አለው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቤት ውስጥ የማይሞከሩ ነገሮች

እነዚህ ካሉባችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦

- ፊት ወይም ከአገጭ በታች ያለው ቦታ አብጦ ትኩሳት ካለ
- መዋጥ፣ መተንፈስ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ

እነዚህ ካሉ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚሁ ሳምንት የጥርስ ሐኪም ይያችሁ፦

- ከድዱ መግል የሚወጣ ከሆነ
- የሚነቃነቅ ወይም ቦታውን የቀየረ ጥርስ ካለ
- በጥርሶች መሃል ያለው የድድ ጫፍ ግራጫ ሆኖ ከተበላ፣ ሕመሙና ጠረኑም ከባድ ከሆነ
- ድዱ ምንም ሳይነካው በራሱ ከደማ፣ በተለይ ሰውነት ላይ ያለ ምክንያት ከሚወጣ ብልዝ፣ ከድካም ወይም ከትኩሳት ጋር ከሆነ። ይሄኛው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የጥርስ ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል።

መድኃኒት የምትወስዱም አሁን አስቡበት። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች ድዳችሁ ስለደማ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፤ ማቆሙ ከድዱ ደም ይልቅ አደገኛ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላችሁ ወይም የልብ ውስጠኛ ክፍል ኢንፌክሽን አሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ የዕለት ጽዳቱን ቀጥሉ፣ ነገር ግን ሐኪሙ ጥርሳችሁን ከመንካቱ በፊት ይህንን ንገሩት። አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ሊያዝ ይችላል። አምሎዲፒን፣ ኒፈዲፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ሳይክሎስፖሪን የምትወስዱ ሰዎች ድዳችሁ ጥርሱን እየሸፈነ ካደገ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። እሱንም አታቁሙ፤ ያዘዘውን ሐኪም መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቁት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጸጉሩ ለስላሳ፣ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ ብሩሽ። ጠንካራው የተሻለ ያጸዳ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ድድ ያሸሻል።
- ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና። ለአዋቂ ማሸጊያው ላይ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ፈልጉ።
- የጥርስ ክር፣ እንዲሁም በጥርስ መሃል የሚገባ ቀጭን ብሩሽ። ብሩሹን በሁለት ወይም በሦስት መጠን ያዙ።
- የእጅ መስታወትና ጥሩ መብራት።
- ብታገኙ፣ ፕላክን በቀለም የሚያሳይ እንክብል። ግዴታ አይደለም፣ ግን "እኔ እኮ በደንብ ነው የማጸዳው" የሚለውን ክርክር በአንድ ደቂቃ ይዘጋል።

የከሰል ዱቄትና ጥርስ ማንጫ ነገሮችን ለአሁኑ ተዉአቸው። የኤሌክትሪክ ብሩሽ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ከሌላችሁ ተራውም በትክክል ከተያዘ ሥራውን ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ድዳችሁን እዩት

መብራቱን ወደ አፋችሁ አድርጉ። ከንፈራችሁን በጣት ወደ ላይ፣ ቀጥሎ ወደ ታች ግለጡ። ጉንጫችሁንም ወደ ጎን ሳቡ። አብዛኛው ሰው የፊቱን ስድስት ጥርስ ብቻ አይቶ ነው የሚተወው።

ጤነኛ ድድ ጠርዙ ስስ ነው፤ ጥርሱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይተኛል። በሁለት ጥርሶች መሃል ሾጠጥ ብሎ ይገባል። የታመመው ጠርዙ ይደፈጥጣል፣ ያበራል፣ ከጥርሱ ለቀቅ ያለ ይመስላል። በጣት ጫፍ ሲጫኑት ይለሰልሳል። በቀለም ብቻ አትፍረዱ። የብዙ ሰው ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው፤ ያ በሽታ አይደለም። ቅርጹንና ጠርዙን እዩ።

የምታጨሱ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲጋራ የድድ ደም ሥሮችን ያጠባል። በሽታው እያለ ደሙ ላይታይ ይችላል። "አይደማም" ማለት ለእናንተ ዋስትና አይደለም፤ ደረጃ 6ን ቀድማችሁ ሥሩ።

ያበጠውንና የሚደማውን ቦታ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ "ላይ ቀኝ ኋላ፣ ታች ፊት ከውስጥ" በማለት። ይህ ወረቀት ከሁለት ሳምንት በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 2፦ ከጥርስ መሃል ጀምሩ

ከመቦረሻችሁ በፊት ይህንን ሥሩ፤ ማታ ይሁን። ብሩሹን ካስቀደማችሁ "አፌ ንጹሕ ነው" የሚል ስሜት ይመጣና መሃሉ ይቀራል። የድድ በሽታ ደግሞ በብዛት የሚጀምረው ብሩሽ በማይደርስበት በዚሁ መሃል ነው። ከጠቅላላው መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

*ክር ወይስ ትንሹ ብሩሽ?* ጥርሶቹ ተጣብቀው ከሆነ ክር። ትንሹ ብሩሽ ሳይገደድ የሚገባ ከሆነ ብሩሹን ምረጡ፤ ክር የማይደርስበትን የጥርስ ጎድጓዳ ጎን ያጸዳል። አንድ አፍ ውስጥ ሁለቱም ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

በትንሹ ብሩሽ ሲሆን፦

1. ከቀጭኑ መጠን ጀምሩ። ሲገባ ጸጉሩ ትንሽ ሊከብዳችሁ ይገባል፣ ሽቦው ግን ጥርሱን መፋቅ የለበትም። ልል ካለ ወደ ትልቁ እለፉ።
2. ለፊት ጥርሶች ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ለኋለኞቹ አፋችሁን በግማሽ ዝጉ። አፍ በሰፊው ሲከፈት ጉንጭ ይወጠርና እጅ አያስገባም።
3. ጫፉን ድዱ ላይ አትውጉ። በድዱ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ይግባ።
4. እዚያው ጥቂት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ አመላልሱ። አታሽከርክሩት፤ ሽቦው ይሰበራል።
5. ብሩሹን በውሃ አለቅልቁና ወደሚቀጥለው ክፍተት እለፉ። ሳሙና አያስፈልገውም።

በክር ሲሆን፦

1. ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ጫፎቹን በሁለቱ የመሃል ጣቶች ላይ ጠምጥሙ፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አጭር ክር ብቻ ይቅር።
2. ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዛችሁ በቀስታ አስገቡ። በኃይል ከጫናችሁት ድዱን ይቆርጣል፤ ብዙ ሰው ክር የሚጠላው በዚህ የተነሳ ነው።
3. ከገባ በኋላ ክሩን አንዱን ጥርስ እንዲያቅፍ አጥፉት። ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ በሉና ወደ ላይና ወደ ታች ፈግፍጉ።
4. ሳታወጡት ጎረቤቱን ጥርስ አሳቅፉት፤ ያንኑ ድገሙ። ክር አስገብቶ ወዲያው ማውጣት የምግብ ፍርፋሪ ያወጣል እንጂ ፕላክ አያነሳም።
5. ለሚቀጥለው ክፍተት ንጹሑን የክር ክፍል ተጠቀሙ።

*ይህ ደረጃ ሲበላሽ*

- ደማ? ቀጥሉ። መጀመሪያ አካባቢ የሚጠበቅ ነው። ደሙ በብዛት ከወጣ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ለ10 ደቂቃ ተጫኑት። ካልቆመ ሐኪም ጋ ሂዱ።
- ክሩ ተቀርቅሮ ቀረ? ወደ ላይ አትጎትቱ። ከአንዱ ጣት ፍቱትና በጎን በኩል ሳቡት።
- ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበጣጠሳል? እዚያ ታርታር፣ የተቦረቦረ ጥርስ ወይም ሸካራ ሙሌት አለ። ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።
- ትንሹ ብሩሽ ይታጠፋል? ወይ መጠኑ ትልቅ ነው ወይ አቅጣጫው ጠማማ ነው። በግድ አታስገቡት።
- እጃችሁ ከኋላ አልደርስ አለ? እጀታ ያለው የክር መያዣ ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ ጥርሱን ከድዱ ጋር ቦርሹ

1. ብሩሹን እንደ እስክሪቢቶ በጣቶቻችሁ ያዙት። በጭብጥ ከያዛችሁት ጉልበት ይበዛል።
2. ጸጉሩን በ45 ዲግሪ ወደ ድዱ አዘንብሉት። ግማሹ ጥርስ፣ ግማሹ የድዱ ጠርዝ ላይ ይረፍ።
3. ከቦታው ሳታነሱ በአጭሩ አንቀጥቅጡት። ከዚያ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ አቅጣጫ ጥረጉ።
4. ሁለት ሁለት ጥርስ እያላችሁ እለፉ። ቅደም ተከተላችሁ አይቀያየር፦ ውጪውን ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጥሎ ውስጡን፣ መጨረሻ ማኘኪያውን።
5. ከፊት ጥርሶች በስተጀርባ ብሩሹን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙትና በጫፉ ሥሩ። ከታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ የምራቅ ዕጢ ስለሚከፈት ታርታር ቶሎ ይከማቻል።
6. ቢያንስ ሁለት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሰዓት ያዙ፤ በግምት ሁለት ደቂቃ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ አንድም አይሞላ።
7. አረፋውን ትፉ፤ በውሃ አትጉመጥመጡ። ፍሎራይዱ እዚያው ይቆይ።

የብሩሹ ጸጉር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ ጎን ከተንጨፈረረ እየጫናችሁ ነው። ማስታወክ ካጋጠማችሁ ወይም ኮምጣጣ ነገር ከጠጣችሁ በውሃ ተጉመጥምጡና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ቦርሹ፤ አሲዱ የጥርሱን ገጽ ለጊዜው አልስልሶታል።

ደረጃ 4፦ መጉመጥመጫ፣ ካስፈለገ ብቻ

መጉመጥመጫ ከላይ ያሉትን ሁለት ደረጃዎች አይተካም። ድዱ ካመማችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙታችሁ ተጉመጥመጡ፣ ትፉት። ማስታገሻ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ክሎርሄክሲዲን ያለው መጉመጥመጫ ጠንከር ያለ ነው። ሐኪም ሲያዘው ብቻ፣ ላዘዘው ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት። ሲቆይ ጥርስና ምላስ ያበልዛል፣ ጣዕም ያጠፋል። ከቦረሻችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው አረፋ አውጪ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው አቁሙና ሕክምና ፈልጉ።

እዚህ ላይ ቆጣ ብዬ ልናገር። ድድ ደማ ተብሎ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል መዋጥ ይቅር። ባክቴሪያዎቹ በሽፋን ተጠቅልለው ስለሚኖሩ መድኃኒቱ በደንብ አያገኛቸውም። ለጥቂት ቀን ጋብ ያደርግላችሁና ፕላኩ እዚያው ስላለ ይመለሳል። ትርፉ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ሳምንት ተከታተሉ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ሊጨምር ይችላል፤ ያልተነካ ቦታ እየነካችሁ ነውና። በሳምንት አካባቢ መቀነስ አለበት። ይህ ግምት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ተመለሰ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወረቀታችሁን አውጡና እንደገና መስታወት ፊት ቁሙ።

- *ሁሉም ቆሟል፦* በዚሁ ቀጥሉ። መደበኛ ምርመራ ግን አይቅር።
- *አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቷል፦* እዚያ ታርታር ወይም ኪስ፣ ማለትም ድዱ ከጥርሱ ለቆ የፈጠረው ብሩሽ የማይደርስበት ክፍተት፣ ሊኖር ይችላል። ወደ ደረጃ 6።
- *ሁሉም ቦታ አሁንም ይደማል፦* መጀመሪያ አጸዳዳችሁን ፈትሹ። ቦርሹ፣ የማሳያ እንክብሉን አኝኩ፣ ቀለም የቀረበትን እዩ። ቀለሙ በድዱ ጠርዝ ላይ መስመር ሠርቶ ከታየ 45 ዲግሪዋ ተረስታለች። ጽዳቱ ደህና ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ ያልታወቀ ስኳር፣ እርግዝና፣ የቫይታሚን ሲ እጥረት፣ መድኃኒት። ተመርመሩ።

ደረጃ 6፦ ሐኪሙ ጋ ስትቀርቡ

"ጥርሴን እጠብልኝ" ብላችሁ ብቻ አትቀመጡ። "የድዴን ኪስ ለካልኝ" በሉ። ሐኪሙ ምልክት ያለበት ቀጭን መለኪያ በጥርሱና በድዱ መሃል ያስገባል፤ በአንድ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ትኩረት ይፈልጋል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ውሰዱ። አጥንቱ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየው ራጅ ነው።

ኪሱ ጥልቅ ከሆነ ከድድ በታች ያለው የጥርስ ሥር በማደንዘዣ ይጸዳል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚያማርርባቸው ነገሮች አሉ።

- *"ማሳጠቡ ጥርሴን አላላው፣ ክፍተት ፈጠረ።"* ክፍተቱን ታርታር ሞልቶት ነበር፤ ያበጠው ድድም ሸፍኖት ነበር። አጥንቱ ቀድሞ ሄዷል። ታርታሩን መተው አጥንቱን አይመልሰውም።
- *ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዛል።* በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የተሠራ ሳሙና ይረዳል።
- *በማግስቱ ሰውነት ይከብዳል።* ጥልቅ ጽዳት ለአጭር ጊዜ የብግነት ምልክቶችን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በ24 ሰዓት ውስጥ ይህንን አይቷል፤ ከ6 ወር በኋላ ግን የደም ሥሮቹ አሠራር የተለመደውን እጥበት ብቻ ካገኙት ሰዎች ተሽሎ ተገኝቷል። ትኩሳቱ ከቆየ ወይም እብጠት ከመጣ ደውሉ።

ኪሱ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ እንደገና ይለካ። ይህንን ቀጠሮ የሚዘል ሰው ይበዛል፤ ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው ግን በዚያ ቀን ነው። ፔሪዮዶንታይተስ የነበረበት ሰው ከዚያ በኋላም በየ3 ወይም በየ4 ወሩ መታየት ሊያስፈልገው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ለሌላው ሐኪማችሁም ንገሩ

የተቆጣ ድድ ቁስል ነው። ስታኝኩና ስትቦርሹ ባክቴሪያ በዚያ በኩል ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ሰውነት ቶሎ ያጠራዋል። ብግነቱ ግን አፍ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ ከባድ የድድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ ይገኛል።

ስኳር ያለባችሁ ይህንን በቁም ነገር ያዙት፤ መንገዱ በሁለቱም በኩል ነው። ከፍ ያለ ስኳር ድዱን ያባብሳል፣ የድዱ ብግነት ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ፔሪዮዶንታይተስ ሲታከም የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ከሦስት አራት ወር በኋላ በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ፐርሰንት ነጥብ ያህል እንደሚወርድ ታይቷል። መድኃኒታችሁን አይተካም፤ ያግዘዋል። ለስኳር ሐኪማችሁ "ድዴ ይደማል" ብላችሁ ንገሩ፣ ለጥርስ ሐኪሙ የመጨረሻውን የስኳር ውጤት አሳዩ።

በልብ በኩል ግን ወሬው ከማስረጃው ይቀድማል። የድድ በሽታና የልብ በሽታ አብረው ይታያሉ፤ ሲጋራና ስኳርን የመሳሰሉ መንስኤዎችም ይጋራሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ ግንኙነቱን ተቀብሎ፣ ድድን ማከም የልብ በሽታን እንደሚከላከል ግን አልተረጋገጠም ብሏል። ስለዚህ የግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒታችሁን በብሩሽ አትለውጡ።

እርጉዝ ከሆናችሁ የሆርሞኑ ለውጥ ድዱን በትንሽ ፕላክ ያስቆጣዋል። እስከምትወልዱ አትጠብቁ፤ የጥርስ እጥበትና ምርመራ በእርግዝና ጊዜ ይቻላል። እርግዝናውን ግን ገና ስትገቡ ተናገሩ።

ብሩሹን በየ3 ወሩ ቀይሩ፤ ጸጉሩ ቀድሞ ከተበላሸ ቀድማችሁ። ትንሹን የመሃል ብሩሽ ሽቦው ሲጣመም ወይም ጸጉሩ ሲሳሳ ጣሉት። ድዱ እየዳነ እብጠቱ ሲቀንስ ክፍተቶቹ ስለሚሰፉ የቀድሞው መጠን ልል ሊልባችሁ ይችላል፤ ያኔ አንድ መጠን ከፍ በሉ።